ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው

ሰኔ 9

ዝናቡ ገባ፣ መብራቱ ወጣ። እንጅባራ ላይ ክረምት መምጣቱ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ሃጀር ስለወተወተችኝ ነው። «የምንወስነውን ነገር ለምን እንደወሰንነው ካልጻፍነው በዓመቱ እንደ አዲስ እንጣላበታለን» አለች። ስለዚህ ለሥራ ብቻ ነው፤ የግል ነገር አይገባበትም።

እኛ ማለት ሦስት ሰዎች ነን። ጋሼ አበረ ኮምፒውተር ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው፤ ጡረታቸው ደርሷል። ሃጀር አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት፤ ዳንግላ ላይ በአባቷ በጋሼ ሙሄ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ትሠራለች። እኔ ፋና፣ ቀን ቀን መሥሪያ ቤት ወረቀት የነከሰ ፕሪንተር ስፈታ እውልና የተረፈኝን ጊዜ ለ«ዘንገና» እሰጣለሁ። ዘንገና ስል ሐይቁን አይደለም፤ በሐይቁ ስም የሰየምነውን የራሳችንን ሊነክስ፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ነጻ ሥርዓት ነው። ሰው የጣላቸው አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ተጭኖ በአማርኛና በአዊኛ ይሠራል።

ዛሬ ዘንገናን ከጫንንለት ከአዘናው ንባብ ቤት ተደወለ። ትዕዛዙ እባላለሁ አለ፤ አዲሱ ኃላፊ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩ ይነሣል፣ መጻሕፍቱ ግን አይከፈቱም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ለፈተና የሚያነቡት ደግሞ ከዚያ ነው።

«ይቅርታ ላስቸግርዎት፤ አጥፍቼ አበራሁት፤ ደግሜ አጥፍቼ አበራሁት።»

«ስንት ጊዜ?»

«መቁጠር እስካፍር ድረስ።»

ሳቅሁ። የሥራ ጥሪ ላይ መሳቅ አልነበረብኝም።

ሰኔ 11

ችግሩ ተገኘ። አሮጌው የማስነሻ ስክሪፕታችን፣ ኮምፒውተሩ ሲበራ በተራ የሚፈጽመው ዝርዝር ነው። መጻሕፍቱን የሚያወጣው ፕሮግራም ሥራ ሲጀምር «አለሁ» ብሎ መለያ ቁጥሩን አንዲት ትንሽ ፋይል ላይ ያሰፍራል። በሥርዓቱ ሲዘጋ ፋይሏ ትጠፋለች። መብራት በድንገት ሲሄድ ግን ማን ያጥፋት? ኮምፒውተሩ ተመልሶ ሲነሣ ስክሪፕቱ ፋይሏን ያይና «አለ፣ እየሠራ ነው» ብሎ ያልፈዋል። የቀረ ተማሪ ስሙ ሲጠራ ጓደኛው «አቤት» እንደሚልለት ማለት ነው።

ለትዕዛዙ ፋይሏን እንዴት እንደሚያጠፋ በስልክ ነገርኩት። የምለውን አንድ በአንድ እየደገመ ይጽፋል። ድምፁ የረጋ ነው። (የመስመሩ ጥራት ጥሩ ነበር ለማለት ነው።)

ሰኔ 14

ከአዘና ሁለት ጊዜ ተደወለ። ሁለቴም ያችው ፋይል ናት። ማጥፋቱን ለምዶታል፤ «ግን ላረጋግጥ ብዬ ነው» ይላል። ጠንቃቃ ሰው ነው።

እህቴ ያለምወርቅ ልብስ ሰፊ ናት። መብራት ሲሄድ መኪናዋ ስለሚቆም ሥራ ፈታ የእኔን ስልክ ታዳምጣለች። ለእናታችን በስልክ ስትነግራት ሰማኋት፦ «አንድ ከአዘና የሚደውል አለ። ስልኩ ሲጮህ እንደ ፌንጣ ነው የምትዘል።»

የምዘለው ኔትወርኩ መስኮቱ ጋ ብቻ ስለሚይዝ ነው።

ሰኔ 20

ፋይሏ ራሷ እንድትጠፋ አድርጌ ማስተካከያ ላክሁ። ቀላል ነበር። ለሃጀር «ተፈታ» ብዬ ጻፍኩላት፤ ጋሼንም ደውዬ አበሰርኳቸው።

ሰኔ 22

አልተፈታም። አሁን ደግሞ ሌላ ነው። የመጻሕፍቱ ፕሮግራም የመጻሕፍቱ ዝርዝር ከተቀመጠበት ከመረጃ ቋቱ ቀድሞ ይነሣና ቋቱን ሲያጣው ይሞታል። ሲሞት የሚያየው የለም፤ ትዕዛዙ እስኪያየው ድረስ። ልጆቹ ፈተና ደርሶባቸው ስክሪን ላይ አፍጥጠው ተቀምጠዋል አለኝ። አፈርኩ። ስለ «ተፈታ»ም አፈርኩ።

ነገ ሦስታችንም እንገናኝ አልኩ።

ሰኔ 23

ጋሼ አበረ ቤት ዋልን። የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ቀርቦልን፣ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ እየተጯጯህን ነው ያወራነው። ግማሹ ጩኸት የዝናቡ ጥፋት ነው።

ኮምፒውተር ሲበራ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣ ፕሮግራም አለ። ቁጥሩ አንድ ነው። ሌሎቹን የሚቀሰቅሳቸው እሱ ነው፤ እኛ «አስነሺ» እንለዋለን። የእኛው አስነሺ አሮጌ ነው። ቀስቅሶ ይሄዳል፤ የቀሰቀሰው ይሥራ ይሙት ዞር ብሎ አያይም። አሁን የሚያስፈልገን ቀስቅሶ የሚጠብቅ፣ የወደቀውን የሚያነሣ ነው። እዚህ ድረስ ሦስታችንም ተስማማን። ጠቡ የመጣው የትኛው ይሁን ስንባባል ነው።

ሃጀር ሲስተምዲ አለች። «አብዛኛው ዓለም የያዘው እሱን ነው። ዘንገና ከተሠራበት ከዴቢያን የምንወስደው ፕሮግራም ሁሉ ማለት ይቻላል ለሲስተምዲ የተሰናዳ የማስነሻ ፋይል ይዞ ይመጣል። ሌላ ከመረጥን ያንን ሁሉ እኛ ልንጽፈው ነው። ምን አስጨነቀን?»

ጋሼ አበረ ረኒት አሉ። «ረኒት ትንሽ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ተማሪ በአንድ ከሰዓት ይገባዋል። ያንቺን ግን ማን አንብቦ ጨረሰው? የማላውቀው ነገር ቤቴ ገብቶ ከሁሉ ቀድሞ እንዲነሣ አልፈልግም።»

«ጋሼ፣ ሞተሩን ፈትተው ካላዩ ሚኒባስ አይሳፈሩም ማለት ነው?»

«ሾፌሩን አውቀዋለሁ!»

ሃጀር ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፤ ጋሼም ሳቁ፤ ግን አንዳቸውም ስንዝር አልተነቃነቁም። ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። አዲሱን እትም የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ ውሳኔው የእኔ ነው ተባለ። ከመስከረም ጀምሮ በዞኑ ያሉ ትምህርት ቤቶች ዘንገናን ሊጭኑ ቃል ገብተዋል። መብራት በሄደ ቁጥር የሚወድቅ ነገር ይዘን ብንሄድ ሁለተኛ በራቸውን አይከፍቱልንም።

«ሁለቱም ጥሩ ሐሳብ ነው» አልኩ።

ሃጀር ዓይኗን ወደ ጣሪያው ላከች።

ሐምሌ 3

የልጆቹ ፈተና እስኪያልቅ ድረስ ትዕዛዙ ጠዋት ጠዋት ቀድሞ እየገባ ፕሮግራሙን በእጁ ሲያስነሣላቸው ሰነበተ። ሁልጊዜም ሲጨርስ ይደውላል። «ተነሥቷል፣ እንዳያስቡ» ይለኛል። ቁርሴን በዚያ ሰዓት መብላት ለምጃለሁ።

መለካትም ጀምሬአለሁ። ሃጀር የእኔ ይፈጥናል ትላለች፤ ጋሼ የእኔ ይቀላል ይላሉ። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሁለቱንም እያፈራረቅሁ ሞከርኩ። ጊዜውን የሚበላው አስነሺው ሳይሆን ያረጀው ዲስክ ሆኖ ተገኘ። በሚይዙት የማስታወሻ (ሜሞሪ) ቦታም ልዩነት አለ፤ ረኒት ይቀላል፤ ነገር ግን ተማሪው አንድ መጽሐፍ ሲከፍት ያ ልዩነት ይዋጣል። ለሁለቱም ነገርኳቸው። ሁለቱም «እንደገና ለኪው» አሉ።

ሐምሌ 6

ዳንግላ ወረድኩ፣ ኬብል ልገዛ። ሱቁ በር ላይ ጃንጥላዬን ሳራግፍ ሃጀር ውስጥ ለአባቷ ስታወራ ሰማሁ።

«ፋና የትኛው እንደሚሻል ታውቃለች። ጋሼ አበረን ማስቀየም ፈርታ ነው የምታመነታው።»

«እንግዲያ ንገሪያት» አሏት ጋሼ ሙሄ።

«ስንቴ ነገርኳት! ‹መረጃ እየሰበሰብኩ ነው› ትላለች።»

ገባሁ፣ ሰላም አልኳቸው፣ ኬብሌን ገዝቼ ወጣሁ። ሃጀር ተሳስታለች። እኔ መረጃ እየሰበሰብኩ ነው።

ሐምሌ 13

የመፍትሔ ሐሳብ አገኘሁ፤ ሁለቱንም እንያዝ! የሚፈልግ ሲስተምዲ ያለበትን ይጫን፣ የሚፈልግ ረኒት ያለበትን። ማንም አይከፋም። ጋሼና ሃጀር በአንድ መስመር ላይ ሆነው በስልክ ነገርኳቸው።

ጋሼ «ሦስት ሰው? ሁለት አስነሺ?» አሉ። ሃጀር ተቀበለቻቸው፤ «አንዱን መሸከም አቅቶን!» ጋሼ ቀጠሉ፤ «ስሕተት ሲመጣ ሁለት ቦታ ልናርም!» ሃጀር ደግሞ «ለአስተማሪዎቹ ሁለት ዓይነት መመሪያ ልንጽፍ!» አለች። ከሰኔ ጀምሮ እንዲህ ሲስማሙ ሰምቼ አላውቅም። በጣም ተግባብተው ስልኩን ዘጉብኝ።

ፈሪ ነኝ መሰል።

አይ፣ ፈሪ እንኳ አይደለሁም። ድካም ነው።

ሐምሌ 20

ሁለት ኮምፒውተር አሰናድቼ፣ በአንዱ ሲስተምዲ በሌላው ረኒት ጭኜ፣ በሚኒባስ አዘና ሄድኩ። እዚያ እውነተኛ መብራት መጥፋትና እውነተኛ አንባቢ አለ፤ ፈተናው እዚያ ይሁን ብለን ተስማምተናል።

ትዕዛዙ መናኸሪያ ጠበቀኝ። ረጅም ነው፤ ከድምፁ አጭር ይመስለኝ ነበር። ዝናቡ ይወርዳል። ጃንጥላውን ዘርግቶ ለኮምፒውተሮቹ ያዘላቸው። እኔ እስከ ንባብ ቤቱ ድረስ በሰበስኩ። ቅደም ተከተል የሚያውቅ ሰው ነው።

ንባብ ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ ንጹሕ፣ ወለሉ የተወለወለ፣ መስኮቱ ላይ በጣሳ የተተከለ አበባ ያለበት። አንድ ሽማግሌ ምን እየሠራን እንደሆነ በአዊኛ ጠየቁት። ረጅም መልስ ሰጣቸው፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። የእኔ አዊኛ ልጅነቴ ላይ የቀረ ስለሆነ መጨረሻውን አልያዝኩትም።

«ምን አሏቸው?»

«እንቅልፋም ልጅ የሚቀሰቅስ ሞግዚት ልንቀጥር ነው፤ ሁለት አመልካቾች አሉ አልኳቸው።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ ሰምቼ አላውቅም። እመለሳለሁ ስል ጠበል ጠዲቅ ያለበት ቤት ወስዶ ካላበላሁዎት አለኝ። በላሁ። ማስታወሻ፦ የሁለተኛው ኮምፒውተር ማራገቢያ ይጮኻል።

ሐምሌ 25

መንገዱ ተዘግቷል። ሚኒባስ የለም። ዳታም የለም፤ ስልክ ብቻ። ፈተናውን ትዕዛዙ ብቻውን ይዞታል፤ ሶኬት ይነቅላል፣ ይሰካል፣ ይደውላል።

ሐምሌ 27

ዛሬ ከባዱን ሞከርን። ሁለቱም ኮምፒውተሮች በሥራ መሃል እንዳሉ በአንድ ጊዜ ሶኬታቸው ተነቀለ። መልሶ ሰካቸው። የመጀመሪያው፣ የሲስተምዲው፣ ቋቱ እስኪዘጋጅ ተራ አስይዞ መጻሕፍቱን አወጣ። ሁለተኛው፣ የረኒቱ፣ ፕሮግራሙን ወዲያው አስነሣው፤ ቋቱ ስላልደረሰ ሞተ፤ ደግሞ አስነሣው፤ ሞተ፤ ደግሞ።

«እየሞተ ነው… እየሞተ ነው…» ይላል ትዕዛዙ በስልክ። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ አዳምጣለሁ። «ቆይ ቆይ፣ አንቺ፣ ተነሣ! ተነሣ እኮ!»

«አንቺ» አለኝ። እስከ ዛሬ «እርስዎ» ነበርኩ። ደስታው ነው ያሳተው። አላረምኩትም፤ በፈተና መሃል ሰው አይታረምም።

ነሐሴ 2

ውጤቱን አቀረብኩ። ሁለቱም ተነሡ። መብራት በሄደ ቁጥር ሁለቱም ተነሡ። ሃጀር «ይኸው» አለች። ጋሼም «ይኸው» አሉ።

ስለዚህ ፈተናው አልወሰነልኝም። ይወስንልኛል ብዬ ነበር።

ነሐሴ 9

የመረጃ ቋቱን ወደ አዲስ እትም አሳደግነው። የሲስተምዲው ኮምፒውተር ምንም አልሆነም፤ ቋቱ የራሱን አዲስ የማስነሻ ፋይል ይዞ መጣ። የረኒቱ ግን ቆመ። ጋሼ የጻፉት ስክሪፕት ቋቱን የሚፈልገው በድሮው አድራሻ ነው። ረኒት ሳይታክት ያስነሣዋል፣ እሱም ሳይታክት ይሞታል።

ጋሼ ደግሞ ለፍልሰታ ሱባኤ ገብተዋል፤ ስልካቸው ዝግ ነው።

ነሐሴ 10

ስክሪፕቱን ራሴ አንብቤ አገኘሁት። አንድ መስመር ነው። ለትዕዛዙ ነገርኩት፤ አስተካከለው፤ ተነሣ። («አንቺ» ማለቱን ቀጥሏል። እኔም «አንተ» ብዬዋለሁ፤ ለጥሪው አጭር ነው።)

ያሳሰበኝ ግን አንድ መስመሩ አይደለም። ዘንገና ውስጥ ስንትና ስንት አገልግሎት ይነሣል። ለእያንዳንዱ ስክሪፕት የምንጽፈው፣ በተቀየረ ቁጥር የምናርመው እኛ ልንሆን ነው። ሦስት ሰው። አንዱ ጡረታ፣ አንዷ ሱቅ፣ አንዷ ፕሪንተር። ረኒት አይወድቅም፤ የምንወድቀው እኛ ነን። ሃጀር ይህንኑ የተናገረችው ሰኔ ላይ፣ ድንች እየላጠች ነው። ሰምቻት ነበር። መረጃ መሆኑ አልታየኝም።

ወሰንኩ። ለጋሼ መንገር ብቻ ነው የቀረው።

ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታ። በጾም ፍቺ ቀን እንዲህ ያለ ወሬ አይነገርም።

ነሐሴ 17

እንግዳ ይኖርባቸዋል።

ነሐሴ 18

ዘነበ።

ነሐሴ 19

አልዘነበም። ሌላ ምክንያት ስላጣሁ ሄድኩ።

ጋሼ የቀርከሃ አጥራቸውን ሲጠግኑ አገኘኋቸው።

«ጋሼ፣ ወስኛለሁ።»

«ደግ» አሉ ቀና ሳይሉ።

«ሲስተምዲ ነው።»

መዶሻው ቆመ። «ለምን?»

በመንገድ ስለማመደው የመጣሁት ሁሉ ጠፋኝ። «ረኒት መጥፎ ስለሆነ አይደለም። እኛ ትንሽ ስለሆንን ነው። እርስዎ ሱባኤ ሲገቡ ስክሪፕቱን የሚያውቅ ሰው ጠፋ።»

«አንብበሽ አስተካከልሽው የለም እንዴ?»

«አስተካከልኩ። አንዱን ነው ግን። ሁሉንም አልችልም ጋሼ።»

«እሺ» አሉ። ሚስማር አቀብይኝ አሉኝ፤ አቀበልኳቸው። ሁለት ቀርከሃ እስኪመቱ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ሄድኩ። ግቢያቸው ገብቼ ሻይ ሳልጠጣ ስወጣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ለሃጀር ስነግራት ትፈነድቃለች ብዬ ነበር። «ምን አሉ?» ብቻ አለችኝ። «እሺ» አልኳት። «ሌላስ?» «ሚስማር።»

ነሐሴ 24

ጋሼ ስልክ አያነሡም። ኮምፒውተር እንዴት እንደሚበራ ያሳዩኝ ሰው ናቸው። በደረቁ፣ አጥር ሥር ቆሜ፣ እንዲያ ብዬ መንገር ነበረብኝ? በሰኔ ብነግራቸው ኖሮ ክረምቱን ሙሉ በከንቱ አይደክሙም ነበር። ያለምወርቅ «ሄደሽ አታንኳኪም?» ትላለች። ይቀየሙኝ ይሆናል እላታለሁ። «አሁንስ ምን ቀረሽ?» ትላለች።

ነሐሴ 26

አዘና ወደቀ! የመረጥነው፣ የሲስተምዲው!

ትዕዛዙ ነው የነገረኝ። ድምፁ ለወደቀ ሲስተም የሚሆን አልነበረም፤ በዓል ነው የሚመስለው። «ፋና! ዛሬስ ወድቋል!» አለኝ። ከዚያ ትንሽ አፈረና «ያሳዝናል» አለ።

መጻሕፍቱ ያሉበት ውጫዊ ዲስክ ከትናንቱ መብራት መጥፋት በኋላ ሲነሣ ራሱን ለመፈተሽ ረጅም ጊዜ ወስዷል። ፕሮግራሙ በዚያ መሃል ተነሥቶ ዲስኩን አጣው፤ ሞተ፤ ተነሣ፤ ሞተ፤ ከዚያ ጭራሽ ቀረ። ሲስተምዲ ዝም ብሎ ተወው። ለምን እንደተወው አላወቅንም።

ሃጀር ከዳንግላ በመጀመሪያው ሚኒባስ መጣች። ፊቷ ተለዋውጧል። «የማስነሻ ፋይሉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ቋቱን አሰብኩ፤ ዲስኩን አላሰብኩም» አለች። «ጋሼ አሁን ይስቁብኛል።»

ቢስቁልን በወደድኩ።

ነሐሴ 27

በሩ ተንኳኳ። ጋሼ አበረ! ቦት ጫማ፣ የዝናብ ካፖርት፣ በካፖርቱ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የወረቀት ክምር። ሃጀርም እኔ ጋ አድራ ነበር። ሁለታችንም ብድግ አልን።

«ጋሼ፣ የት ጠፉ?» አልኳቸው።

«የማላውቀው ነገር ቤቴ አይገባም አላልኩም? አንቺ አስገባሽው። ስለዚህ ማወቅ ነበረብኝ። ሳነብ ነው የሰነበትኩ።»

«ስልክስ?»

«ስልክ እያነሣ ያነበበ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

የአዘናን ነገር ትዕዛዙ ደውሎ ነግሯቸዋል። (ለሳቸውም ይደውላል እንዴ?) ወረቀቱን የያለምወርቅ የልብስ መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ዘረጉና ሃጀርን ጠሯት።

«ነይ እስቲ። ይኸ ያንቺ ሲስተምዲ ተስፋ ይቆርጣል።»

«ምን?»

«በጥቂት ሰከንድ ውስጥ አምስት ጊዜ ሞክሮ ካልሆነለት ‹በቃኝ› ይላል። ሌላ ካላዘዙት ልማዱ ነው። ዲስኩ ገና ራሱን ሲፈትሽ እሱ አምስቱን ጨርሶ ተኝቷል። ረኒት ቢሆን እስከ ምጽአት ይሞክር ነበር።»

ሃጀር አገጯን አነሣች። «እና ረኒት ይሻል ነበር እያሉኝ ነው?»

«አይ። ይኸም ተስፋ አትቁረጥ ሲሉት ይሰማል እያልኩሽ ነው። እዚህ ጋ ጻፊበት። እዚህ ደግሞ ዲስኩን ጠብቅ በይው።» ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «መጥፎ አይደለም። ብዙ ያወራል እንጂ መጥፎ አይደለም።»

ሃጀር መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች፣ ከዚያ ጻፈች። አዘና ያለው ትዕዛዙ የጻፈችውን በስልክ ተቀብሎ አስገባ፤ ዲስኩን ነቅሎ ኮምፒውተሩን አስነሣው፤ ድንች ቀቅሎ፣ ልጦ፣ በልቶ እስኪጨርስ ቆየና ዲስኩን መልሶ ሰካው። መጻሕፍቱ ተከፈቱ። በስልክ ውስጥ የአንባቢዎቹ ጭብጨባ ተሰማ።

ጋሼ ሻይ ጠየቁ። ሮጬ ጣድኩ። ሲሰናበቱ በሩ ላይ ዞር ብለው፣ «አጥር ሥር የነገርሽኝ ትክክል ነው» አሉኝ። «ሰኔ ላይ ብትነግሪኝ ግን የክረምቱን ንባብ ቶሎ እጀምር ነበር።»

ጳጉሜን 3

ሩፋኤል ነው። የሰፈሩ ልጆች ዝናቡ ውስጥ እየጮሁ ይራጫሉ። አዲሱ ዘንገና ወጣ። የማስነሻ መመሪያውን የጻፉት ጋሼ አበረ ናቸው፤ ያረመችው ሃጀር። ባረመችው ላይ ተጣሉ። ደስ ይላል።

መስከረም 5

ትምህርት ቤቶቹ መጫን ጀመሩ። ከዳንግላ አንድ መምህር ደውሎ መብራት ሄዶ ሲመለስ ምን ላድርግ አለኝ። ምንም አያድርጉ አልኩት። አላመነኝም። አስደጋገመኝ።

መስከረም 9

ከአዘና ምንም የለም። መብራት በየቀኑ ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ኮምፒውተሩ ይነሣል፤ የሚደውል የለም። ሥራችን ሰመረ ማለት ነው። ደስ ሊለኝ ይገባል። ደስ ብሎኛል።

ስልኬ እንደሚሠራ ለማረጋገጥ ያለምወርቅን ደውይልኝ አልኳት። ይሠራል።

መስከረም 11

እኔ ደወልኩ። የመዝገብ ፋይሉን መጠን ልጠይቅ ነበር።

«ይሠራል» አለ ትዕዛዙ።

«ጥሩ።»

«በጣም ይሠራል። ምንም የምለው ነገር አላስቀረልኝም።»

ማራገቢያው ሲጮህ በስልኩ ይሰማኛል።

«እሑድ እንጅባራ እመጣለሁ» አለ።

«ምን ተበላሸ?»

«ምንም።»

መስከረም 14

መጣ። ባጃጅ ይዘን ወጣን፣ ከዚያ በእግር ወደ ሐይቁ ወረድን። ሣሩ ጠግቧል፣ አደዩ ፈክቷል፣ ከብቶቹ መንገድ አይለቁም። ስለ አስነሺ አላወራንም። እናቱ ስለሚያረቡት ንብ፣ ያለምወርቅ ስለምታስቸግራት ነገረኛ ደንበኛ፣ አንባቢዎቹ ስለሚደብቋቸው መጻሕፍት አወራን። ውኃው ዳር ስንደርስ ጠጠር አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው።

«ለመስቀል አዘና ብትመጪ፣ ደመራውን ከእኛ ሰፈር ሆነሽ…»

«እመጣለሁ» አልኩት። ገና ሳይጨርስ ነው።

ቤት ስደርስ ያለምወርቅ ምንም አልጠየቀችኝም። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ ከፊቴ ቆመች።

«ቀሚስ ልሰፋልሽ ነው። መብራት እያለ ቀለሙን ንገሪኝ፤ ነገ ከነገ ወዲያ እንዳትይኝ።»

«ቢጫ» አልኳት፣ ወዲያው።